ፋንቱን ያቃናት ፕለጊን

አወቀ በሃያ ዓመቱ ወደ ሞያሌ በእግሩ ሲሰደድ፣ አቧራ የቀላቀለ ነፋስ መንገደኞቹን በታተናቸው። ውሃው አልቆ፣ ዓይኑም አላይ ብሎት ሊቀመጥ ሲል፣ ከፊቱ የአንዲት ልጅ መዝሙር እየተርገበገበ መጣ። ድምፁን ተከትሎ ከሞት ተረፈ። ዘማሪዋ ፋንቱ ነበረች፤ ኋላም ሚስቱ ሆነች።

ኮምፒውተር የለመደው በስድሳ ዓመቱ፣ ማንም ሳያስተምረው ነው። በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ ካሳራኒ በተባለው ሰፈር በሚገኘው ቤቱ የቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ይቀዳል። ፋንቱንም ከመሞቷ በፊት አንድ መዝሙር ቀድቷት ነበር። ከእሷ የቀረው ድምፅ እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፕለጊን የሚሉትን፣ ድምፅ የሚያቃና ተጨማሪ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዶ ጫነ። ፕለጊኑ የሚያውቀው የፒያኖን ድምፆች ብቻ ነበር፤ የእኛን ቅኝት አያውቅም። አወቀ ይህን አላሰበም። ያምርላታል ብሎ የፋንቱን መዝሙር አቃናና በዋናው ቅጂ ቦታ ተክቶ ሴቭ አደረገው። ሲያዳምጠው በየስንኙ መጨረሻ የምታርገበግበው ዜማ ጠፍቷል። ድምፁ ቀጥ ብሏል።

ልጁ ሚልካ መጥታ ማሽኑን ፈተሸች።

«አባዬ፣ ሌላ ቦታ ያስቀመጥከው ባክአፕ የለህም? ስልክህ ላይስ?»

«የለም።»

«ፖሌ፣ አይዞህ አባዬ። ግን እኮ አሁን ኖቱ ልክ ነው፤ ያምራል።»

«ልክስ ልክ ነው። እናትሽ ግን አይደለችም።»

የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ከዚያ አቧራ ያወጣኝ ያ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። በሕይወቴ ከእሱ የሚበልጥብኝ አልነበረም፤ በገዛ እጄ አጠፋሁት።»