በድሮ ኪሎዬ ኪኒን ወደ ሙጃ

ቅዳሜ ጠዋት

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ላሊበላ አካባቢ ሙጃ ከተማ የሚደገሰውን የእህቴን ልጅ ሠርግ ለመብላት ነው። «ለመብላት» የምለው ለወጉ ነው። ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና ካሳነስኩ ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ጥቂት ማንኪያ ሽሮ ያጠግበኛል። አርባ ኪሎ ቀንሻለሁ። የእጅ ቦርሳዬ ግን መድኃኒት ቤት ይመስላል፦ የደም ግፊት ኪኒን፣ አይረን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን። ሐኪሜ ሰዓታቸውን በወረቀት ጽፎልኛል፤ አይረንና ካልሲየም ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንዲራራቁም አሳስቦኛል። ከመሄዴ በፊት ግፊቴን እንድለካ ቀጥሮኝ ነበር። የሠርጉን ሱፍ ሳስጠብብ ቀኑ አለፈ።

ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ታላቅ እህቴን እትዬ ብርቄን አይቼ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ከኋላዬ የሚመጣ ወፍራም ሰውዬ ፍለጋ አንገቷን አስግጋ በአጠገቤ አለፈች። ስጠራት ድምፄን አወቀችው። ፊቴን ደባብሳ፣ ታመህ ነው የደበቅከኝ ብላ አለቀሰች። ደህና መሆኔን እስካሳምናት ከተማው ደረስን።

ከሰዓት፣ አሸተን ማርያም

ድሮ ግማሹ ላይ ተቀምጬ የቀረሁበትን የገዳሙን ዳገት፣ ሞገስ ከሚባል አስጎብኚ ጋር ቀስ እያልኩ ጫፉ ድረስ ወጣሁት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስንወርድ ጉልበቴ አመመኝ። ሞገስ ከኪሱ ማስታገሻ አወጣልኝ፤ ድሮ እንደ ከረሜላ የምውጠው ዓይነት ነው። አሁን ጨጓራዬን ሊያቆስለው ስለሚችል ተከልክያለሁ። ምክንያቱን ነግሬው፣ አመስግኜ መለስኩለትና ሐኪሜ የፈቀደልኝን ፓራሲታሞል ዋጥኩ። ሞገስ ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ እግሩን ላመመው እንግዳ ሁሉ ሳይጠይቅ ያድል ኖሯል።

እሑድ፣ ኩልመስክ

የግፊት ኪኒኔን ውጬ ከእህቴ ጋር በሚኒባስ ተነሳን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፤ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ከትናንት ጀምሮ ውሃ በቅጡ እንዳልጠጣሁ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። ኩልመስክ ላይ እግሬን ለማፍታታት ስወርድ ዓይኔ ጨለመና እትዬ ብርቄ ላይ ወደቅኩ። አንዱ ምች ነው አለ፤ ሌላዋ ረሃብ ነው ብላ በሶ ልትበጠብጥ ተነሳች። እህቴ ደግፋ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ።

ነርሷ ረጋ ያለች ወጣት ናት። አስተኝታ፣ እግሬን ከፍ አድርጋ ግፊቴን ለካች። በጣም ወርዷል። የሐኪሙን ወረቀት አነበበችና የኪኒኑን ማሸጊያ አገላበጠች።

«ይህን ያዘዙልዎ ስንት ኪሎ ሳሉ ነው?»

«መቶ ሠላሳ።»

«አሁንስ?»

«ዘጠና።»

«እንግዲያ የሚውጡት የዚያን የድሮውን ሰውዬ ኪኒን ነው።»

ሐኪሜ ዘንድ ደወለች። እሱም የዘለልኩትን ቀጠሮ አስታውሶ ከወቀሰኝ በኋላ፣ እስክመለስ የግፊቱን እንዳቆም፣ በየቀኑ እንድለካና ውሃ ቶሎ ቶሎ እንድጎነጭ አዘዘ። እህቴ «አቁም» የሚለውን ስትሰማ ቦርሳውን አነሳች።

«ሁሉንም ልጣልለት?»

«አይጣል፣ እትዬ። ምግባቸው ስላነሰ ቫይታሚኑ ዕድሜ ልካቸውን ያስፈልጋቸዋል» አለች ነርሷ።

ሙጃ

ከዚያ ወዲያ የመድኃኒቴ አዛዥ እትዬ ብርቄ ሆነች። ፈጭቼ እንድወስደው የተፈቀደልኝን ትልቁን የካልሲየም ኪኒን በነጭ ሽንኩርት መውቀጫ ወቀጠችልኝ፤ ሦስት ቀን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተትኩ። በሠርጉ ቀን ዘመድ ሁሉ ጉርሻ ይዞ ሲመጣብኝ «የሱን እኔ ነኝ የምቀበል» እያለች ዋጠችልኝ። እኔ እስክስታ ስመታ ዋልኩ፤ እሷ ከጥጋብ ብዛት ተኛች።

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። ግፊቴ ያለ ኪኒን ተስተካክሏል። አዲስ ወረቀት ጻፈልኝ፤ ያም ቢሆን በየጊዜው እየታየ ይለወጣል አለኝ። ሰውነት ሲለወጥ መድኃኒትም እንደ ልብስ እንደገና እንደሚለካ የገባኝ በዚህ ጉዞ ነው። እኔ ሱፉን አስለክቼ ኪኒኑን ረስቼ ነበር።

በሳምንቱ እትዬ ብርቄ ደወለች። ኩልመስክ ወርዳ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያቺው ነርስ ዘንድ ግፊቷን ተለክታለች። ከፍ ብሎ ተገኝቶ መድኃኒት ተጀመረላት።

«ወንድምዓለም፣ የኔን ሰዓት አንተ አስታውሰኝ፣ ያንተን እኔ» አለችኝ።

አሁን በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንደዋወላለን። መጀመሪያ ሁለታችንም እንውጣለን፤ ወሬው ከዚያ በኋላ ነው።