ከሪማ ያቆመቻት ሙት ሚስት

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር መዲናን የማያውቅ አልነበረም። ባሏ በሺር ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ የሱቁን መስታወት የምታስጌጠው ግን እሷ ናት። ጣቃውን ፈትታ ከላይ ታወርደዋለች፣ የእንጨት ማሳያውን አልብሳ ወገቡን በስፒል ሰብሰብ ታደርገዋለች፤ የማይገዛው ሰው እንኳ ሳይቆም አያልፍም። በደርግ ጊዜ ጨርቅ ሲጠፋ ሦስት ጣቃ ይዛ ሠላሳ ታስመስል ነበር። በሺር «የሱቄ ዓይን እሷ ናት» ይላል፤ መዲናም ይህችን ቃል ከጥሎሿ አብልጣ ትወዳታለች።

በ1973 ዓ.ም. በሺር በላይዋ ሌላ አገባባት። ከሪማ ትባላለች፤ ኮምቦልቻ የራሷ ጨርቅ ሱቅ አላት። መዲና ሃይማኖቱ ፈቅዶለታል ብላ ዋጠችው። ሁለቱ ሴቶች ተያይተው አያውቁም፤ መዲናም «ስለሷ ጠይቄም አላውቅ» እያለች በጎረቤት ትኩራራ ነበር። በባሏ የመጣባትን ቅናት እንደምንም ቻለችው። በመስታወት ሲመጣባት ግን አቃታት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ዓመት ደሴ አንድ የህንድ ፊልም መጣ። የሞተች የመጀመሪያ ሚስት ነጭ ለብሳ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ፣ ባሏ ካገባት ከአዲሷ ሚስት መስኮት ሥር እየመጣች ትቆማለች። ከተማው ለሳምንት ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ ፈራ። ከሪማ ፊልሙን አይታ ስትመለስ ነጭ አቡጀዲ ቀደደችና ያችን ሙት ሚስት በሱቋ መስታወት ውስጥ አቆመቻት። ሰው ከሐርቡ ድረስ እየመጣ ያያት ጀመር።

«ወላሂ መዲና፣ ጠጉሬ ነው የቆመው» አለ በሺር ራቱን እየበላ።

«የሞተችው የትኛዋ ሚስት ናት?»

«የመጀመሪያዋ ናታ» አለና ጎረሰ።

የመጀመሪያዋ ሚስት ደግሞ መዲና ናት። በማግስቱ በሺር ለገበያ ገራዶ ሲሄድ፣ እሷ ለማንም ሳትናገር በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ወረደች።

ሰዉን ገፍታ ከመስታወቱ ፊት ስትቆም ልቧ በደስታ ዘለለ። ከአቡጀዲው ጫፍ ሥር የማሳያው እንጨት ብቅ ብሏል። አገር ያንቀጠቀጠችው ሙት ባለ አንድ እግር ናት! ይህን ለበሺር እንዴት አድርጋ ጣል እንደምታደርግለት ስታሰላ ከሪማ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ከሱቁ ወጣች።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ። ቆመው ሲያዩ ጊዜ ነው የወጣሁት። ሰዉ ሁሉ ያመሰግነኛል፣ እኔን ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ምኗ ነው የጎደለ?»

መዲና «ምንም» ልትል ነበር። የሃያ ዓመት ሙያዋ እምቢ አለ።

«እንጨቱን አውጪው» አለች። «ትከሻዋን በጥቁር ክር ከጣሪያው ጋር እሰሪው። የአቡጀዲው ጫፍ ከወለሉ አንድ ስንዝር ይራቅ።»

የከሪማ ቋጠሮ ሲላላባት መዲና አላስቻላትም፤ ገብታ በርጩማ ላይ ወጣች፣ ራሷ አሰረችው፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ አወረደችው። በሩ ሲከፈት ነፋስ ገባና አቡጀዲው ዝም ብሎ ዞረ። ውጭ የቆመች ሴት «ቢስሚላህ» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ከሪማ የእንግዳዋን እጅ ስማ ስሟን ጠየቀቻት።

«ሐዋ» አለች መዲና።

ከሦስት ቀን በኋላ በሺር ለምሳ ወደ ቧንቧ ውሃ መጣ።

«ከሪማ እንጨቱን አወጣችው» አለ ገና ከመግባቱ። «አሁን በአየር ላይ ነው የምትቆመው። እጥፋቱን ብታይው! ማን አሳየሽ ብላት፣ ከራሴ አሰብኩት አለችኝ። እንዲያ ያለ እጅ በዕድሜዬ አላየሁም። የሱቅ ዓይን ማለት እሷ ናት።»

መዲና አፏን ከፈተች። ግን ያ የኔ ሥራ ነው ማለት፣ ኮምቦልቻ ወርጄ አየሁ ማለት ነው፤ ወርጄ አየሁ ማለት ደግሞ ቀናሁ ማለት ነው። አፏን መልሳ ዘጋችና የእጅ ውሃ አቀረበችለት። እያፈሰሰችለት ማንቆርቆሪያውን የያዘውን የገዛ እጇን አየችው፤ ቀናችበት።