ጨው መላሻው ማሳ

ታላቅ ወንድሜ የአባታችንን መሬት ሲያካፍል፣ ጨው መላሻውን እያወቀ ለእኔ ሰጠኝ።

አባታችን አሞሌ እየቀጠቀጠ ከብቶቹን የሚያልሰው እዚያው ጎድጓዳ ላይ ነበር፣ ከጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች አጠገብ። የተረፈውን ጨው ዝናብ ያጥበዋል፤ ጎድጓዳው መውጫ ስለሌለው አፈሩ ይጠጣዋል። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ነበር። ወንድሜ ይህን ከእኔ እኩል ያውቃል፤ ከብቶቹን የነዳናቸው አብረን ነው። ባቄላ ብዘራበት የቅጠሉ ዳር እሳት እንደ ነካው አረረ። ወንድሜ ሰንበቴ ላይ፣ "ሰነፍ ገበሬ መሬቱን ይከሳል" ብሎ ሳቀብኝ።

ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ነው። የግብርና ባለሙያዋ የሰጠችኝን ቀጭን መጽሐፍ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። የስንዴ ሥር ውሃ ሲጠጣ አብዛኛውን ጨው ደጅ ያስቀረዋል ይላል። ከሥሩ ውስጥ ጨው የሚከለክል ቆዳ አለ፤ ሾልኮ የገባውንም ሥሩ መልሶ ወደ አፈር ይገፋዋል። ባቄላ ይህን ያህል አይችልም። ስንዴ ዘራሁ። በቀለ።

መብቀሉ ነው ጉድ የሠራኝ። ክፍፍሉ ይታይልኝ ብዬ መስቀል እንዳለፈ ሽማግሌዎቹን ማሳው ላይ ባቆም፣ ወንድሜ እጁን ዘርግቶ፣ "ይኸው ለምለም! መሬቱ ጨው ቢሆን ይሄ ይበቅል ነበር?" አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዛሬ ካላመኑኝ ዳግም የሚሰማኝ የለም።

አንዱን ስንዴ ከነሥሩ ነቀልሁ። ከሥሩ ያራገፍሁትን አፈር ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለሆኑት መርጌታ ዘረጋሁላቸው።

"ይቅመሱት፣ አባቴ።"

"ረቡዕ እኮ ነው ልጄ! አፈር ጾም ያስገድፍ እንደሆን ማን ያውቃል?"

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። መርጌታው በምላሳቸው ጫፍ ነኩትና ፊታቸውን አጨፍግገው ተፉት።

"አሁን ደግሞ ቅጠሉን።"

መርጌታው አኘኩት። "ሣር ሣር ይላል። ጨው የለውም።"

"ሥሩ ነው የከለከለው። ድካሙን ግን ይዩት" አልሁ። ከድንበሩ ማዶ የወንድሜ ስንዴ ወገብ ይደርሳል፤ የእኔ ከጉልበት በታች ነው።

መርጌታው ወደ ወንድሜ ዞሩ። "ና፣ አንተም ቅመስ።"

"ምን አፈር ያስቅመኛል!"

"እሱ ሳይቀምስም ያውቀዋል" አሉ መርጌታው።

አዝመራው ሲነሳ ገመድ ተጣለ። ጨው መላሻውም ደህናውም መሬት እኩል ለሁለት ተቆረሰ። ወንድሜ ዛሬም ሰላም አይለኝም፤ እኔም አልለውም። ነገሩ ያለቀው ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን፣ በጽዮን ማግስት ነው።