ኤላዲዮ ዱቄቱን ትቶ ቆዳ ሲለምድ

እኛ የኡብሪኬ ከተማ ሰዎች ወይ ቆዳ እንቆርጣለን፣ ወይ ቆዳ እንሰፋለን፣ ወይ ደግሞ ቆዳ የሚቆርጥ ሰው አግብተናል። ኤላዲዮ ግን ከሦስቱም ውጭ ነበር። ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከአባቱ በወረሰው ምድጃ ለላይኛው ሰፈር ሁሉ ዳቦ ሲያቀርብ ኖሮ፣ ወደ ሃምሳው ሲጠጋ ሳል ያዘው። መጀመሪያ ብርድ ነው አለ። ቀጥሎ ሲጋራ ነው አለ፤ በዕድሜው ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። በመጨረሻ ሚስቱ ብሪሂዳ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ፣ "ሳንባህን የጎዳው ዱቄት ነው። ወይ ዱቄቱን ትተዋለህ፣ ወይ ትንፋሽህ ይተውሃል" አለው።

ምድጃውን ለእህቱ ልጅ አስረክቦ ቤት ዋለ። ያን ክረምት ዝናቡ ከተራራው እየወረደ መንገዱን ሲያጥብ፣ እሱ መስኮት ሥር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚው የያዘውን ዳቦ ይመለከት ነበር። "ይቺ አልበሰለችም። ይቺ ደግሞ ሊጧ ሳያርፍ ነው የገባችው።" ብሪሂዳ አንድ ሳምንት ቻለችው፣ ሁለት ሳምንት ቻለችው፤ ከዚያ በቃት።

"ስማ" አለችው፣ "ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ መስኮት የሌለው ቤት እፈልግልሃለሁ።"

እንዲህ ሆኖ ነው ወደ እኛ የመጣው። እኔ ከወንዙ አጠገብ ባለው በካሲልዳ ዎርክሾፕ ስፌት መኪና ላይ ነው የምሠራው። የሴት የእጅ ቦርሳ እንሠራለን። ካሲልዳ ገና ሠላሳ ዓመት ቢያልፋት ነው፤ ሥራውን ከአያቷ ተምራ፣ ቦታውንም ከእሳቸው ወርሳለች። ኤላዲዮ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"ዳቦ ከሆነ ገዝተናል" አልኩት።

"ዳቦ አይደለም። ሥራ ልማር ነው የመጣሁት።"

ካሲልዳ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትኩስ ዳቦ እጇ ላይ ጣል ያደርግላት የነበረ ሰው ነው። "እርስዎ?" አለችው። "እኔ እኮ ለተለማማጅነት የማስበው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር።"

"እኔም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ" አለ። "ትንሽ ዘገየሁ እንጂ።"

ሳቀች። ያ ሳቅ አስቀጠረው።

ያስቸገረው እጁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሊጥ ሲያሽ የኖረ እጅ ቆዳን በመዳፍ ይጫናል፤ ቆዳ ደግሞ የጥፍር ምልክት እንኳ አይረሳም። ሌጦ ባነሳ ቁጥር እንደ ሊጥ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ጧ! ያደርገዋል። አንዴ፣ ሁለቴ ታገሠችው።

"ኤላዲዮ፣ እባክዎ አይምቱት" አለችው በመጨረሻ። "ሞቷል እኮ።"

ማስቲሽ መቀባት ተማረ፤ ዝናብ ሲሆን ማስቲሹ ለመድረቅ እንደሚለግምም ለመደ። ከዚያ ጠርዝ ማሳሳት መጣ። ቆዳው ሲታጠፍ እንዳይወፍር ጠርዙ በቢላ ይፋቃል፤ ትንሽ ካነሰ ይጎረብጣል፣ ትንሽ ከበዛ ይበሳል። እሱ በሳ፤ ደጋግሞ በሳ። "የፍየል እግር" የምንላትን፣ እጥፋት የሚታሽባትን ትንሽ የእንጨት መሣሪያ ሲይዝ ግን እጁ ረጋ ይል ነበር። እጥፋቱን ሲያሽ ላየው የሚጸልይ ይመስላል።

ካሲልዳ አንድም ቀን አልተቆጣችውም። "ምንም አይደለም፣ እንደገና ይሞክሩት።" "እስቲ ይሄን ለእኔ ይተዉልኝ።" እሷ አክብሮት ማሳየቷ ነበር፤ እሱን ግን ያ አክብሮት ይበላው ጀመር። አንድ ጠዋት ለቁርስ ዕረፍት ወጥተን ዘይት የፈሰሰበት የተጠበሰ ዳቦ እየበላን ሳለ፣ "እንደ ደንበኛ ነው የምታየኝ" አለኝ። "ደንበኛ ሲያጠፋ ማን ይቆጣዋል? ካልተቆጡኝ ደግሞ እንዴት ልማር?"

"አይዞህ" አልኩት፣ "እሷ የምትቆጣህ ቀን ይመጣል።"

ፀደይ ላይ መጣ። የትምባሆ ቀለም ባለው የጥጃ ቆዳ የሚሠሩ ቦርሳዎች ታዘው ነበር። ካሲልዳ ለጉዳይ ወጣ ስትል ማንገቻዎቹን እንዲቆርጥ ለኤላዲዮ ተወችለት። እሱም ቆዳውን ዳሰሰ፣ ዳሰሰና ከሁሉ የሚለሰልሰውን ቦታ መረጠ። ለሴት እጅ የሚመቸው ይሄ ነው ብሎ አሰበ። የመረጠው የሆድ ቆዳ ነበር። ስትመለስ አንዱን ማንገቻ አንስታ ሳብ ብታደርገው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ።

"አንተ ሰውዬ!" ብላ ጮኸች። "አብደሃል እንዴ? ማን ነው ከሆድ ቁረጥ ያለህ? ሆድ ይለጠጣል! የራስህን አታየውም?"

ኤላዲዮ ጎንበስ ብሎ የራሱን ሆድ አየ። የዳቦ ጋጋሪ ሆድ ነው፤ ሽርጡ ከፊቱ ቀድሞ ይሄዳል።

"እውነትሽን ነው" አለ።

እኔ በሳቅ መኪናዬን ማቆም አቅቶኝ መርፌ ሰበርኩ። ካሲልዳ አፏን በእጇ ያዘች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ እኮ እርስዎን..."

"ኧረ ተይው!" አላት። ፊቱ በርቷል። "ገና አሁን መጀመራችን ነው። በይ፣ ከአንተ ወደ አንቱ እንዳትመልሺኝ።"

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። አንድ ቁራጭ ከጀርባ፣ አንድ ቁራጭ ከሆድ አነሳች። "ያዝ። ሳበው። ምን ይልሃል?"

ሳበ። "ይሄ እሺ ይላል። ያኛው እምቢ ይላል።"

"ማንገቻ የሚቆረጠው እምቢ ከሚለው ነው። እሺ የሚለው ሌላ ቦታ ይገባል።" የተበላሹትን ቁራጮች ዚፕ የሚሳብባቸው ትንንሽ ጭራዎች አደረገቻቸው፤ ቆዳውም ሜዳ ላይ አልቀረም።

ያን ቀን ምሽት እያፏጨ ቤቱ እንደገባ ብሪሂዳ ነገረችኝ። "ዛሬ አንተ አለችኝ! ጮኸችብኝ!" ብሎ እንደ ሽልማት አወራላት። "ስድብ የሚያስደስተው ባል እንዳለኝ እስከዛሬ አላውቅም ነበር" አለችኝ።

እኛ ዘንድ ተለማማጅ ብቻውን የጨረሰው የመጀመሪያ ቦርሳ አይሸጥም፤ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ኤላዲዮ የእሱን ከጥቁር አረንጓዴ ጥጃ ቆዳ ሠራው፤ ገበሩም የሐር ነበር። ጠርዙን ቀለም ቀባ፣ አደረቀ፣ ፋቀ፣ ደግሞ ቀባ። አንዱ ጥግ ትንሽ ጠመም ብሎበታል፤ ከእኛ በቀር ማንም አያየውም። በጨርቅ ጠቅልሎ ለብሪሂዳ ሰጣት። አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ የባሏን ግንባር ሳመች።

በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ በዎርክሾፑ በር አለፈች። ቦርሳው ትከሻዋ ላይ ነው፤ ድንች ታጭቆበታል፣ ከላዩ በወረቀት የተጠቀለለ ሰርዲን ተቀምጧል።

ኤላዲዮ ሽርጡን ሳያወልቅ ወጣ። "ብሪሂዳ! ምን ጉድ ነው? ዓሣ?!"

"ምን ነካህ? ቦርሳ አይደል እንዴ?"

"የጥጃ ቆዳ ነው እኮ! ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ የሚያዝ..."

"ሠርግ ማን ጠራን? ገበያ ግን ዘወትር ነው የምሄደው። በሳጥን ቆልፌ ለአይጥ ከማወርሰው ይዤው ብዞር አይሻልም?"

መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣል። ካሲልዳ ወጥታ ቦርሳውን ከብሪሂዳ ትከሻ ተቀበለችና ከነድንቹ ከፍ ዝቅ አደረገችው። ከዚያ ማንገቻው የተሰፋበትን ቦታ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች መረመረችው።

"ንቅንቅ አላለም" አለች። ወደ እሱ ዞራም፣ "ከነገ ጀምሮ ማንገቻ የአንተ ሥራ ነው" አለችው።

"አየህ?" አለችው ብሪሂዳ። "ያለ ድንቹ ማን ያውቅልህ ነበር?"

ይኸው ያ ሁሉ ካለፈ ቆየ። ሳሉ ለቆታል፤ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወጣውን ደረጃ ሳያርፍ ይወጣል። የእኛ ሥራ ስማችን አይጻፍበትም፤ ቦርሳው ከዚህ ወጥቶ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎበት ዓለምን ይዞራል፣ የት እንደደረሰም አናውቅም። ባለፈው መከር ግን ኤላዲዮና ብሪሂዳ ለዓይኗ ሕክምና ሴቪያ ከተማ ሄደው ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊታቸው አንዲት ዘናጭ ሴት ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ከእኛ ቦርሳዎች አንዱ። ኤላዲዮ ስፌቱን በቅጽበት ለየው። ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ዓይኑን አጥብቦ አየ፤ ፈገግ አለ፤ ደግሞ አየ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ጭምቅ አደረገች።

"ዓይንህን ንቀል" አለችው ብሪሂዳ በሹክሹክታ። "ሌባ መስለሃታል።"

ሰኞ ይህን ሲነግረን ዎርክሾፑ በሳቅ ተናጋ። "ታዲያ ምን አልካት?" አለችው ካሲልዳ።

"ምን እላታለሁ? እኔ ነኝ የሠራሁት ብላት ታምነኛለች? ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወረድን። ብሪሂዳ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ እኔም በሳቅ ተከተልኳት። ሐኪሙ ዘንድ አርፍደን ደረስን።"