ገፈርሳ የማያደርስ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ከጎረቤት ግቢ የአኳራጅ ሽታ መጣ። የብረት በራቸውን ቀለም እያስቀቡ ኖሯል፤ እኔ ግን የታጠበ አንሶላ ላሰጣ ቆሜ ሳለሁ ሽታው አፍንጫዬ ገብቶ አንሶላውን እንዳቀፍኩ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ማታ ሲገባ ከእሱ ቀድሞ ብሩሹን ያጠበበት አኳራጅ በር ላይ ይደርስ ነበር፣ ከጥፍሮቹ ስርም ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም አይጠፋም ነበር።

አባቴ ታፔላ ጻፊ ነበር። እዚህ ቡራዩ ላይ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ፣ ከሱቆቹ በር በላይ የተሰቀለው ቆርቆሮ ሁሉ ማለት ይቻላል የእሱ እጅ ነው። ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ይጽፍ ነበር፤ ሰው ቆሞ ያየዋል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ያችንም ፊደል የለየኋት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከእሱ ታፔላ ላይ ነው፤ «ዳ»ን ከዳቦ ቤቱ፣ «ጠ»ን ከጠጅ ቤቱ አግኝቼ ለእናቴ በኩራት ብነግራት፣ «ደግ አደረግክ፣ ልጄን ጠጅ ቤት አስተማርካት!» ብላ አባቴን ሙሉ ቀን ስትቆጣው ዋለች።

የእሁድ ሽርሽር የምንለው ነገር ነበረን። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ገፈርሳ ግድቡ ሞልቷል ሲባል፣ እናቴ ዳቦና የተቀቀለ ድንች በፎጣ ቋጥራ፣ አባቴ ቀለም ያልነካውን አንዱን ሸሚዙን ለብሶ፣ ከቅዳሴ መልስ ሦስታችን እንወጣ ነበር። ሦስት ብቻ ነበርን፤ ከእኔ በፊት የተወለዱት ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞተው እኔ ብቻ ነኝ የተረፍኩላቸው፣ ስሜም ለዚህ ነው ብርቄ የተባለው። ከቤታችን እስከ ግድቡ ሰው ዝም ብሎ ከተራመደ ከቀትር በፊት ደርሶ፣ ውሃ አይቶ፣ ሣር ላይ ተጋድሞ ይመለሳል። እኛ ግን ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ገና ገበያው ጋ ነበርን።

ምክንያቱም አባቴ የሱቅ በር አያልፍም ነበር። አንድ እንኳ! ሰላምታውን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ አካም ጂርቱ ብሎ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ ላሟ ወለደች ወይ ይላል፣ ከዚያ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ታፔላውን ያያል፣ ቀለሙ ለቀቀ ወይስ ያዘ ብለው ይከራከራሉ። አለቀ ስል ደግሞ ከኋላው ጎትቶ ያወጣኝና «ይቺ የኔ ናት፣ እወቋት» ይላል። «ስምሽን ንገሪያቸው።» እናገራለሁ። «ጮክ በይ እንጂ! የአባትሽንም ጨምሪ።» ብርቄ አየለ እላለሁ፣ ፊቴ ቲማቲም መስሎ። በሚቀጥለው እሁድ እዚያው በር ላይ እንደገና። አንድ ቀን ባለ ጠጅ ቤቱ ሳቅ አፍኖት «እንዴ ጋሽ አየለ፣ ባለፈው እሁድ ነግራናለች እኮ፤ ስም ቀየረች እንዴ?» አለው። አባቴ አብሮ ስቆ፣ «የለም፣ እንዳትረሱት ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው በር ሄደ።

እናቴ ከኋላ ፎጣዋን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው እያዛወረች «አንተ ሰውዬ፣ እስክንደርስ ግድቡ ይደርቃል!» ትለው ነበር። በመጨረሻ ከተማው የሚያልቅበት ጋ የአዴ ጫልቱ ሻይ ቤት ነበረች፤ እዚያ ስንደርስ ወይ ይደክመናል ወይ ይመሻል፣ ድንቹን በእሳቸው አግዳሚ ላይ በልተን እንመለሳለን። ገፈርሳን ሳላየው ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነበር።

በጋው ሲገባ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ በሎንቺና ሰበታ እንሄዳለን። አባቴ እዚያም ጥቂት ታፔላ ጽፎ ነበር። የጅማ መኪና የሚቆምበት መንገድ ነውና ዳር ዳሩን ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ሞልቶት፣ ተሳፋሪ ወርዶ እየተጋፋ ይበላ ነበር፣ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፤ እኔ ዛፍ ስር እንቀመጥ ስል አባቴ ሥጋ ቤቱ በር ላይ አቁሞ ስሜን ያስጠራኛል። በዓመት አንዴ ለምናየው ከተማ! ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሱሉልታ። እንጦጦን ስንወጣ ጆሮዬ ድፍን ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳው እስከ ተራራው ሣር ነው፣ ነፋሱ ቀሚስ ይገልባል። እዚያ ሱቁ ጥቂት ስለሆነ ዘንድሮ ተገላገልኩ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ አባቴ መንገድ ዳር ወተት የሚሸጡትን ሴቶች ተራ በተራ ማስተዋወቅ ጀመረ። «አባዬ፣ እነሱ እኮ ታፔላ እንኳ የላቸውም!» ብዬ አለቀስኩ። «አፍና ዓይን አላቸው» አለኝ።

ክረምት ሲሆን ሽርሽር የለም። ዝናቡ ቀለሙን ስለሚያጥበው ባለ ሱቆቹ ቆርቆሯቸውን አውርደው ያመጡለታል፣ በረንዳችን የመንገዱን ሁሉ ስም ተሸክሞ ይከርማል። እኔ ቆርቆሮውን በጨርቅ እየወለወልኩ አቀብለው ነበር፤ ያን ጊዜ ብቻ አያናድደኝም ነበር፣ ከአንድ ቦታ ስለማይነቃነቅ።

ዘጠኝ የሞላኝ መስከረም ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። አባቴ ምስማር መሸጫው በር ላይ ቆሞ ሲያወራ፣ እናቴም ከአንዲት ሴት ጋር ወሬ ይዛ ሳለ፣ ግድቡን ብቻዬን አይቼ ልመለስ ብዬ ሹልክ አልኩ። አስፋልቱን ይዤ ብሄድ ኖሮ ምንም አልነበረም፤ እኔ ግን የሚያቋርጥ መስሎኝ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባሁ። ጉሙ ወረደ፣ ካፊያ ጀመረ፣ ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። የመኪና ድምፅ ጠፋ። ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላውቅም፣ አንዱን ጫማዬን ጭቃ በላው፣ መጨረሻ ላይ ጭስ ሸቶኝ ጭሱን ተከትዬ ብሄድ ከአንድ ጭቃ ቤት ጓሮ ወጣሁ። አንዲት ሴት እንጨት ይሰበስባሉ። በለቅሶ ባበጠ ዓይኔ አላወቅኋቸውም። እሳቸው ግን እንጨቱን ጣሉት።

«ኢንታላ ኮ! ልጄ! አንቺ የአየለ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ያቺ ስሟን የምትጮኸው!»

አዴ ጫልቱ ነበሩ። ነጠላቸውን አልብሰው እሳት ዳር አስቀመጡኝ፣ ሻይ ሰጡኝ፣ በሩ ላይ ወጥተው ለልብስ ሰፊው ተጣሩ፤ ልብስ ሰፊው ወጥቶ ለጎሚስታው፣ ጎሚስታው ለዳቦ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ ለምስማር ቤቱ፣ እንዲሁ ከበር በር እየተጠራሩ ወሬዬ አባቴን ወንዝ ዳር አገኘው። የወደቅኩ መስሎት ውሃው ውስጥ ነበር የሚፈልገኝ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ደረሰ። እናቴ ከኋላው ደርሳ መጀመሪያ አቀፈችኝ፣ ቀጥላ በጥፊ መታችኝ፣ እንደገና አቀፈችኝ። አባቴ አጠገቤ ተቀመጠ። አዴ ጫልቱ ሻይ ቢሰጡት፣ ያ ያለ ማስመሪያ የሚጽፈው እጁ ብርጭቆ መያዝ አቅቶት ሻዩ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። «እዚህ ዘመድ የለንም፣ ብርቄ» አለኝ። «ከጎጃም ስመጣ አንድ ሰው አላውቅም ነበር። ዘመዳችን ይሄ መንገድ ነው።»

እኔ አባቴ ወሬ የሚወድ መስሎኝ ነበር። ለካ ይፈራ ነበር።

የዚያን ዕለት «ተነሺ» ብሎኝ፣ አንድ ጫማ ብቻ እንዳደረግኩ አዝሎኝ፣ ግድቡን አሳየኝ። ጉም ለብሶ ግራጫ ሆኖ ተኝቷል። ውሃ ነው። በቃ ውሃ ነው! ለዚህ ነው እንዴ ብዬ እንደገና ተናደድኩ።

ያ መንገድ ዛሬ የለም። አስፋልቱ ሲሰፋ የፊቱ ረድፍ ፈረሰ፣ አዴ ጫልቱ ወደ ልጃቸው ሄደው እዚያው አረፉ፣ ባነር በኮምፒውተር መታተም ሲጀምር የአባቴን ብሩሽ የሚፈልግ ጠፋ። በመጨረሻ ዓመታቱ በር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያይ ነበር፤ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። አሁን እኔ አየዋለሁ፣ ያንገበግበኛል። ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ፋርማሲ ነበር፣ ቡቲክ ሆነ፣ ቡቲኩ ጁስ ቤት ሆነ፣ ጁስ ቤቱ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆነ፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ተቀምጧል። ከአንዱ ጋር ሰላምታ ስጀምር ጓዙን ይጭናል። ሰበታ በቀደም ለለቅሶ ሄጄ ያ ሁሉ ሥጋ ቤት የት ገባ ብል፣ መኪናው ሳይቆም ያልፋል አሉኝ። ሱሉልታ ሣሩ አጥር ሆኗል፣ አጥር፣ አጥር፣ በየአጥሩ የማይከፈት በር።

ታዲያ በዚህ መሐል ሜላት፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ከአራት ጓደኞቿ ጋር በባጃጅ ገፈርሳ እሄዳለሁ አለችኝ። ፎቶ ለመነሣት። አይሆንም አልኳት። እኔ እንደሆንኩ ስልኳ ሁለቴ ጠርቶ ካልተነሳ ልቤ ይቆማል፤ መኪናው አለ፣ ውሃው አለ፣ ሰው አለ፣ የማላውቀው ሰው።

«ማሚ አታካብጂ! ሎኬሽን እልክልሻለሁ።»

«ሎኬሽን ምን ያደርግልኛል? ሎኬሽን እሳት ዳር አስቀምጦ ሻይ ያጠጣሻል?»

«የምን ሻይ?» አለች። አምስት ቀን ተኮራረፍን። አኳራጁ የሸተተኝ በስድስተኛው ቀን ነው። አንሶላውን እንኳ በወጉ ሳላሰጣ «ጫማሽን አድርጊ» ብዬ እጇን ይዤ አስፋልት ወጣሁ።

መጀመሪያ የሞባይል ዕቃ መሸጫው ገባን። ልጁ ቀና ብሎ «ቻርጀር ነው፣ እናቴ?» አለኝ። «አይደለም። ይቺ የኔ ናት፣ እወቃት» አልኩት። ሜላትን ከላይ እስከ ታች አይቷት «በደስታ!» ብሎ ፈገግ አይልም? «እንደሱ አይደለም፣ አንተ ባለጌ!» ብዬ ጎትቻት ወጣሁ። «ማሚ በናትሽ፣ ሼም ነው!» እያለች ነጠላዬን ትጎትታለች። ፀጉር ቤት ገባን፤ ልጅቷ ከያዘችው ጭንቅላት ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «ወረፋ አለ» አለችን። የፈርኒቸር ቤቱ ሰው ሶፋ ላይ አስቀምጦ የሶፋ ዓይነት ቆጠረልን። ለአባቴ እንዴት ቀልሎት ነበር? ላለቅስ ምንም አልቀረኝ፣ ልመለስ ስል ባንኩ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር የተቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ፣ ኦቦ ቶለሳ፣ ምን ሆናችሁ ብለው ተነሡ። ነገርኳቸው። አልሳቁም። ወደ ሜላት ዞሩ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሜላት» አለች በአፍንጫዋ።

«ጮክ በይ እንጂ። የአባትሽስ?»

ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ገፈርሳውን አይሆንም ማለት አቃተኝ።

የሄዱ ዕለት ሎኬሽን የምትለው ነገር ስልኬ ላይ መጣ፤ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ናት፣ ትንፋሽ ያላት ይመስል ትሰፋለች ትጠባለች፣ ከዚያ ኔትዎርክ ጠፍቶ እሷም ጠፋች። ስደውል አይሠራም። ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ወደ ባንኩ ሮጥኩ።

«ኦቦ ቶለሳ፣ ልጄን አላዩልኝም?»

«አየኋት እንጂ! ጠዋት በባጃጅ አለፉ፣ ያንቺዋ በዚህ በኩል ናት፣ ቢጫ ሹራብ። አንገቷን አውጥታ ‹ኦቦ ቶለሳ! ሜላት ነኝ!› ብላ ስትጮኽ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ» አሉ፣ ተቆጥተው ሳይሆን ደስ ብሏቸው። ሁለተኛ ወንበር አመጡልኝ። እስክትመለስ ድረስ ሁለታችንም አስፋልቱን ስናይ ዋልን፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢጫ ሹራቡ ከሩቅ ሲታይ ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ውሃ ነው» አለች። «በቃ ውሃ ነው።»

አባቴ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ልጁን የሚያውቁ በሮች ነበሩት፣ እኔ ያለኝ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ፍርሃቱ ግን ያው የእሱ ነው፣ አንድም አልቀነሰልኝም። እሁድ ፀጉር ቤቷ ጋ እንደገና ይዣት እገባለሁ። ሜላት ከአሁኑ መነጫነጭ ጀምራለች፣ ትነጫነጭ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተነጫንጬ አውቀዋለሁ።