የአባባ ይማም ፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የግራፊክ ዲዛይን ተማሪዬ በስልክ እንዲታይ የሠራችውን ማስታወቂያ አሳየችኝ። በአረንጓዴ ላይ በቀይ ተጽፏል፤ ከየጥጉ አበባ ተንጠልጥሏል። «ምን ይጎድለዋል?» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ምንም አልጎደለውም፣ ችግሩም እሱ ነበር። ወዲያው ያ የደብረ ታቦር ከተማ ነሐሴ ትዝ አለኝ።

ያኔ ገና ከኮሌጅ ወጥቼ በአንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ እሠራ ነበር። ካሜራ ያላቸው ስልኮች በከተማችን መብዛት የጀመሩበት ሰሞን ነው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ጉም መንገዱን ስለሸፈነው ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ይሄዳሉ። ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ እየበላሁ ሳለ ጓደኛዬ ሰዓዳ በዝናብ ረጥባ ገባች።

«አባባ ጠፉ! ከትናንት ጀምሮ የሉም።»

አባቷ አባባ ይማም ድሮ እስከ አዲስ ዘመን ድረስ በየገበያው የሚዞሩ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። በእርጅና መርሳት ጀምረው፣ አንዳንዴ የልጃቸውን ስም እንኳ ይስታሉ። በዚያ ብርድ ሌላ ሌሊት ውጭ ቢያድሩ ምን እንደሚሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ በየስልኩ የሚላክ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ጀመርሁ፤ የማውቀውን ጌጥ ሁሉ አፈሰስሁበት፤ ወርቃማ ጠርዝ፣ ጥላ ያለው ፊደል፣ የቤተሰቡ ታሪክ፣ ላገኛቸው ሰው የሚሆን ምርቃት ሳይቀር። ሰዓዳ ያመጣችው ፎቷቸው ታች ጥግ ላይ ገባ። በሚሞሪ ካርድ ስልኳ ላይ ጭኜ ለሰዓዳ ሰጠኋት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ መልሳ አራቀችው።

«ትዕግሥት፣ አባቴስ የታሉ?»

ደነገጥሁ። እውነቷን ነው፤ በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ አባባ ይማም የነጥብ ያህል ሆነዋል። ስለ መጠን፣ ስለ ቀለም ልዩነት፣ ስለ ባዶ ቦታ ኮሌጅ የተማርሁትን ለፈተና ሸምድጄው ነበር እንጂ አልገባኝም ነበር። ዓይን ሁሉንም ባንዴ አያይም፤ መጀመሪያ የሚያርፍበት ይፈልጋል።

«ሁሉንም ላጥፋው?»

«አጥፊው! ፊታቸው ይበቃል።»

ጠራረግሁት። ፊታቸውን አሳደግሁት፤ ነጭ ጺማቸውና የግንባራቸው ጠባሳ ጎልተው ወጡ። ከሥር፣ በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ወፍራም ፊደል «እኚህን አባት አይተዋል?» ብዬ ጻፍሁ፤ ዝቅ ብሎ የሰዓዳ ስልክ ቁጥር። ሌላ ምንም። ስልኩን ክንዳችንን ዘርግተን ብናርቀውም አባባ ይማም ቀጥ ብለው አዩን። ልቤ ይደልቅ ጀመር!

መናኸሪያ ሮጥን። ሾፌሮቹ በብሉቱዝ ተቀባበሉት፤ ሚኒባሶቹም ወደ እብናት፣ ወደ አዲስ ዘመን ይዘውት ወጡ። ከሰዓት በኋላ የሰዓዳ ስልክ ጮኸ። ለፍልሰታ ሱባኤ አዲስ ዘመን አጠገብ ወዳለው ጣራ ገዳም የሄዱ አንዲት የማናውቃቸው እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ረዳቱ መኪና ውስጥ ፎቶ አሳይቶን ነበር። ገዳሙ በር ላይ ተቀምጠው ሳያቸው በጠባሳቸው ለየኋቸው። አይዞሽ፣ ጋቢ አልብሰናቸዋል፤ ቆሎ እየቆረጠሙ ነው።»

ሰዓዳ ጮኸች፣ እኔም ጮኽሁ። ተቃቅፈን ጭቃው ላይ ስንዘል መናኸሪያው ሁሉ አብሮን እልል አለ።

አባባ ይማም አመሻሹ ላይ ሲመጡ ምስሉን አሳየናቸው። ትክ ብለው አዩትና «ማነው ሰውዬው? መልከ መልካም ነው» አሉ። ሰዓዳ እየሳቀች አለቀሰች።

ዛሬ ጠጉሬ ሸብቷል፤ ስልኩም ኮምፒውተሩም ሌላ ሆኗል። አዲስ ሥራ ስጀምር ግን ልቤ አሁንም እንደዚያ ቀን ይደልቃል። የማላውቀው ሰው አንድ ቦታ ሆኖ ስክሪኑን ለአፍታ ብቻ ያያል። በዚያች አፍታ ውስጥ የሰው አባት ሊገኝ ይችላል።