የትራሱ ላይ ፀጉርና ነጩ አስታ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ቢታይ ምን ያህላል? አንዱ ቤት ትቶ ያልፋል፣ አንዱ ልጅ፣ አንዱ ባዶ ስም። በአበባ ችግኝ ጣቢያው «አዳቃይዋ» ይሏት የነበረችው ሴት የተወችው አንድ ቁጥቋጦ ነው። እሱንም ቢሆን ወዳ አልተወችውም።

ሥራዋ የኬፕ አስታ ማዳቀል ነበር። የኬፕ አስታ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ አበባው ጠባብ ደወል የሚመስል ተክል ነው። አዳቃይዋ ደወሉ ሳይከፈት በወረንጦ ሰንጥቃ ወንዴውን ታወጣለች፤ ከሌላ ዓይነት አስታ ብናኝ አምጥታ ታስነካዋለች፤ ከዚያ በስስ የሻሽ ከረጢት ትሸፍነዋለች። በዚያ ጥበት ብሩሽ ስለማይገባ ብናኙን የምታነሣው በፀጉር ነው። የራሷ ፀጉር ሽቦ ነበርና ከታናሽ እህቷ ትነቅላለች።

«ይቺ ሴትዮ ራሰ በራ አድርጋኝ ልታርፍ ነው!» ትላለች እህትየዋ እየሳቀች።

በኋላ እህትየዋ ታመመች፤ ፀጉሯም ሳይነቀል ትራስ ላይ ይቀር ጀመር። አዳቃይዋ አንዷን ዘለላ አነሣችና ነጩን አስታ ከቀዩ ጋር አዳቀለች። «ሰው ታሞ ሥራ ምንድን ነው?» ሲሏት «እጄ ቦዝኖ ምን ይፈይዳል?» አለች። እህትየዋ የሞተችው ከወራት በኋላ፣ የትኛውም አስታ እንቡጥ በሌለው ወቅት ነው።

ከዚያ ዘር የበቀለችው አንዲት ችግኝ ብቻ ነበረች። አበባዋ ደም የሸሸው ከንፈር ይመስላል። መካን ስለሆነች የምትባዛው ቀንበጧን እየገነጠሉ አሸዋ ላይ ሲተክሉት ነው። እንግዲህ በየግቢው የምትታየው ሁሉ ያችው አንዷ ናት።

ሰው ተሻማባት። ግን እናቷም አባቷም እንቡጥ በሌላቸው በየዓመቱ እህትየዋ በሞተችበት ሳምንት፣ ውሃ የጠገበችውም የተጠማችውም፣ በየአጥሩ ሥር ባንዴ ታብባለች። ነፋስ ሳይኖር ደረቅ ደወሎቿ ይንኮሻኮሻሉ። አዳቃይዋ ከሥራ ስትመለስ ያንን ድምፅ በየአጥሩ ትሰማዋለች፤ እህቷ ትራስ ላይ ራሷን ስታገላብጥ የነበረው ድምፅ ነው።

«ይብቃ፣ አንሽጣት» አለችው የችግኝ ጣቢያውን ባለቤት።

«እትዬ፣ የምትታለብ ላም ታርዳ ታውቃለች?» ብሎ ሳቀባት።

አስታ ሥሩን ሲነኩበት አይወድም። አንድ ቀን ቀንበጥ የሚገነጠልባትን የእናቲቱን ተክል ዙሪያ በመኮትኮቻ አመሰችው። እናቲቱ ደረቀች፤ የሞቱ ሳምንት ሲደርስ ግን በየግቢው ያሉት እንደ ወትሯቸው አበቡ። ያን ጊዜ እህቷን እንዳልቀበሯት፣ ከፋፍለው እንዳደሏት ገባት።

በጣቢያው ቀንበጥ እየገነጠለች የምታባዛው የእህትየዋ ልጅ ነበረች፤ አሳድጋ ሙያውን ያስተማረቻት።

«ተያት ልጄ» አለቻት፤ «ሙት ይረፍ እንጂ።»

«አክስቴ፣ አንቺ የምትሰሚውን እኔም እሰማለሁ።»

«ከሰማሽማ ታዲያ?»

«ሌላ የእናቴ ድምፅ የለኝማ!»

አንዳንድ ፍቅር ሙትን ዕረፍት ይነሣል፤ ይህን የጀመረችው አዳቃይዋ ራሷ አይደለችም?

ዓመታት አለፉ። እሷም በተራዋ አልጋ ያዘች። ያ ሽቦ ፀጉር በእርጅና ነጥቶ፣ እንደ ሐር ለስልሶ፣ ትራስ ላይ ይቀር ጀመር። አንድ ማለዳ ዓይኗን ስትገልጥ ልጅቱ በወረንጦ አንዷን ዘለላ አንሥታ ወረቀት ውስጥ ስታስቀምጥ አየቻት። በመስኮቱ በኩል ነጩ አስታ ሊከፈት ደርሶ ይታያል።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ምንም፣ አክስቴ። ተኚ።»

በቀብሯ ማግስት ነጩ አስታ አንድ ቅርንጫፉ ላይ የሻሽ ከረጢት ታስሮበት ነበር። ፀጉሯ ሲነሣ ባየችበት በዚያ ማለዳ አዳቃይዋ የልጅቱን እጅ ይዛ፣ «የእኔን እንኳ ጥረጊና ጣይው» ብላ ለምናት ነበር።